ስለሚረጋ ዘይትና ስለ ሰውነት ክብደት

በደሴ ከተማ፣ በቧንቧ ውሃ ሰፈርም ሆነ በሌላው፣ በብርድ ማለዳ የሚከፈተው የዘይት ጀሪካን ብዙ ጊዜ እንደ ቅቤ ረግቶ ይገኛል። ይኸው ዘይት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቀልጦ ይፈሳል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችና ሞቃት ናትና፣ ልዩነቱ የአየሩ እንጂ የዘይቱ አይደለም። ስለዚህ የኮምቦልቻ እመቤቶች «የእኛስ አይረጋም» ብለው እንዳይዘናጉ እናሳስባለን።

ይህ ዘይት ከፓልም ፍሬ የሚጨመቅ ሲሆን ግማሽ ያህሉ የሚረጋው የስብ ዐይነት ነው። ቅቤም ቢሆን ከዚህ ጠባይ አያመልጥም። ብዙ ሰዎች ዘይቱ በጀሪካን እንደሚረጋ በደም ሥርም ውስጥ የሚረጋ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሰው ደም 37 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ ዘይቱ በዚያ አይረጋም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም የማጥራት ኃይሉ ይደክማል፤ የቀረውም ኮሌስትሮል በልብና በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት እየተከማቸ ያጠብባቸዋል። ባለቤቱም ሕመም ስለማይሰማው እስከሚወድቅባት ቀን ድረስ ጤነኛ ነኝ ይላል።

በፊንላንድ፣ በሰሜን ካሬሊያ አውራጃ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ቅቤን በፈሳሽ ዘይት እንዲተካ፣ ጨውንና ትንባሆን እንዲቀንስ ተመከረ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ለሥራ በደረሱ ወንዶች ላይ የነበረው የልብ ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

በእኛም ሀገር የኑግና የሱፍ ዘይት አለ። ዋጋው ለብዙው ቤት እንደሚከብድ አንዘነጋም፤ የዘይቱን መጠን መቀነስ ግን ለኪስም ይበጃል። ሽንኩርቱን አስቀድሞ በጥቂት ውሃ አቁላልቶ ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ መጨመር ይቻላል።

ፈሳሹም ዘይት ቢሆን ያወፍራል። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ዘይት፣ የረጋም ሆነ ያልረጋ፣ 9 ይሰጣልና። «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል» የሚለው ሙገሳ ዛሬም አልቀረም፤ ዳሩ ግን በሆድ የሚጠራቀመው ስብ የኢንሱሊንን ሥራ እያወከ ለስኳር በሽታ፣ እንዲሁም ለደም ብዛት ያጋልጣል። በአሜሪካ ተደርጎ በ1994 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ቢጥሩ በበሽታው የሚያዙት በ58 በመቶ አነሱ። ይህ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እንቅስቃሴውም ባጃጁን ትቶ በእግር ወደ ፒያሳ መሄድ ሊሆን ይችላል።

የስኳር በሽታ ቀጭኑንም እንደሚይዝ መምህራን ለወላጆች ቢነግሩልን እንወዳለን። ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ያለ ምክንያትም የሚከሳ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር ደሙን ይመርመር።