ከዛንዚባር ባሻገር፦ ስለ ስዋሂሊ ጠረፍ የሚታመነውና እውነታው

ከሶማሊያ ደቡባዊ ዳርቻ ተነሥቶ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ሰሜን ሞዛምቢክ የሚዘልቀው የሕንድ ውቅያኖስ ዳር የስዋሂሊ ጠረፍ ይባላል፤ ስያሜውም የመጣው «ሰዋሒል» ከሚለውና ጠረፎች የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል ነው። በብዙ ጎብኚዎች ዘንድ የሰፈነው እምነት ሞምባሳንና ዛንዚባርን ያየ ሰው ጠረፉን ሁሉ አይቶ እንደጨረሰና የቀረው አሸዋና የኮኮነት ዛፍ ብቻ እንደሆነ ነው። ይህ እምነት የሚጎዳው ጎብኚውን ብቻ አይደለም፤ ጠረፉን የመዝናኛ ዳርቻ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው በመካከሉ የቆመ የድንጋይ ከተማ ሲያጋጥመው ግንበኛውን ከባሕር ማዶ መፈለግ ስለሚቀናው፣ የባለቤቶቹ ታሪክ ለሌላ ተላልፎ ሲሰጥ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ የተሰጡት በጎርጎርዮሳዊው፣ ወራቱ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የዚህ ስሕተት ዋነኛ ማሳያ ከዳሬሰላም በስተ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኪልዋ ኪሲዋኒ፣ ማለትም «በደሴቱ ላይ ያለችው ኪልዋ» ናት። ጎብኚ ከዋናው ምድር ከኪልዋ ማሶኮ ከተማ በጀልባ ተሻግሮ ሲደርስ መሠረቱ በ11ኛው መቶ ዓመት የተጣለውንና ኋላ በጉልላትና በቅስት የተስፋፋውን ታላቁን መስጊድ፣ እንዲሁም በገደል አፋፍ ላይ የተዘረጋውን ከመቶ በላይ ክፍል የነበረውን ሁሱኒ ኩብዋ የተባለ የ14ኛው መቶ ዓመት ቤተ መንግሥት ያገኛል። የኪልዋ ሱልጣኖች በዛሬዋ ሞዛምቢክ ከምትገኘው ከሶፋላ ወደብ የሚወጣውን የወርቅ ንግድ ተቆጣጥረው በስማቸው የመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ በ1331 የጎበኛት የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታም ውበቷን አድንቆ ጽፎላታል። ፖርቱጋሎች በ1505 ዘርፈዋታል። ከአጎራባቿ ከሶንጎ ምናራ ጋር በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ብትመዘገብም፣ ግንቦቿ እየፈረሱ በመሄዳቸው ከ2004 እስከ 2014 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይታ፣ ከጥገና በኋላ ከዚያ ወጥታለች።

እነዚህን ከተሞች ዐረቦች ወይም ፋርሶች ገነቧቸው የሚለው እምነት ከየትም የመጣ አይደለም። ኪልዋ ራሷ ያቆየችው ዜና መዋዕል መሥራቿን ከፋርሷ ሺራዝ የመጣ ልዑል ያደርገዋል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በጠረፉ የቆፈሩ የአርኪዮሎጂ፣ ማለትም የጥንት ሕይወትን ከመሬት ቆፍሮ የሚመረምር ጥናት ባለሙያዎችም ከተሞቹን በአብዛኛው የሰፋሪዎች ሥራ አድርገው ቆጥረዋቸው ነበር። ይህን አስተያየት ከለወጡት ሥራዎች አንዱ አርኪዮሎጂስቱ ማርክ ሆርተን በ1980ዎቹ በኬንያዋ ፓቴ ደሴት፣ ሻንጋ በተባለ ስፍራ ያካሄደው ቁፋሮ ነው፤ በዚያ ከድንጋዩ መስጊድ ሥር ትንንሽ የእንጨት መስጊዶች ተደራርበው የተገኙ ሲሆን፣ የቀደሙት በ8ኛው መቶ ዓመት የተተከሉ በመሆናቸው ከተማው ባንድ ጊዜ ከውጭ ተጭኖ እንዳልመጣና ከአገሬው መንደር ደረጃ በደረጃ እንዳደገ ታይቷል። የስዋሂሊ ቋንቋም ብዙ የዐረብኛ ቃላት ቢዋስም ሰዋስዉ የባንቱ ነው። ሆኖም የዜና መዋዕሉን ቃል ተረት ብሎ መጣልም ትክክል አይሆንም፤ በ2023 የታተመ የዘረመል ጥናት ከጠረፉ መቃብሮች በተወሰዱ አጽሞች ላይ፣ በእናት በኩል በአብዛኛው አፍሪካዊ፣ በአባት በኩል ደግሞ በብዛት ከፋርስ የመጣና ከ1000 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ የተዋሐደ የዘር ሐረግ አግኝቷል። እንግዳው በጋብቻ ገብቶ ልጆቹ ስዋሂሊ ሆኑ ማለት፣ እንግዳ ባዶ መሬት ላይ ከተማ ሠራ ከማለት እጅግ የራቀ ነገር ነው።

ከተሞቹ የአገሬው ሥራ ለመሆናቸው የቤቶቹ አሠራር ራሱ ይመሰክራል። ግንቡ የሚሠራው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሚገነቡት ኮራል ከሚባል ድንጋይ ነው፤ ኖራውም የሚገኘው ይኸው ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። ጣራውን የሚሸከመው ቦሪቲ የተባለ የማንግሮቭ ግንድ ሲሆን፣ ማንግሮቭ በጨው ውኃና በጭቃ ውስጥ ሥሩን ዘርግቶ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የስዋሂሊ ቤት ክፍል ረጅምና ጠባብ የሆነው የዚህ ግንድ ርዝመት የግድግዳዎቹን ርቀት ሦስት ሜትር በማይሞላ ስፋት ስለሚወስነው ነው። ስለዚህ ማንግሮቭን የወባና የጭቃ መናኸሪያ ብቻ አድርጎ ማየትም ሌላ ስሕተት ነው። በደቡብ ኬንያ ጋዚ በተባለ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ ያሉ መንደሮች፣ የማንግሮቭ ደናቸው አምቆ በያዘው ካርቦን ምክንያት ከሚሸጡት የካርቦን ምስክር ወረቀት ገቢ እያገኙ ለውኃና ለትምህርት ቤት ሥራ አውለውታል።

ከኬንያዋ ማሊንዲ በስተ ደቡብ፣ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ በጫካ ውስጥ የምትገኘው ጌዲ ደግሞ መናፍስት የሚጠብቋት ከተማ ናት ይባላል። በ17ኛው መቶ ዓመት ሰው ሙሉ በሙሉ የለቀቃት ይህች ከተማ እንዲህ ያለ ስም ማትረፏ አይገርምም፤ ጄምስ ከርክማን ከ1948 ጀምሮ በመራው ቁፋሮ የተገኙት የቻይና ሸክላዎች ግን ከዓለም ንግድ ጋር የተሳሰረች ባለጸጋ ከተማ እንደነበረች ያሳያሉ። ለመጥፋቷ ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል የጉድጓዶቿ ውኃ መራቅና የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ጠረፉ መስፋፋት ይገኙበታል፤ እስከ ዛሬም በኬንያው ጣና ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት ኦርማዎች የሚናገሩት ቋንቋ ከኦሮምኛ ወገን ነው። ጌዲ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ገና በ2024 ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ በተለይ የሚያሳስተው የወቅት ጉዳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በደጋው ክረምት በመሆናቸው በጠረፉም ዝናብ እንደሚሆን ይገመታል፤ በስዋሂሊ ጠረፍ ግን ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ባሕሩን ያናውጣል፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ደግሞ ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። የጥንቱ ንግድ የተመሠረተው በዚህ መፈራረቅ ላይ ነበር፤ ከዐረብና ከሕንድ በካስካዚ የመጣ የሸራ መርከብ የሚመለሰው በኩሲ ነበርና፣ ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር በጠረፉ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ወቅቱን ማወቅ ትርጉም የሚኖረው ለምሳሌ ወደ ታንዛኒያዋ ማፊያ ደሴት ለሚሄድ ሰው ነው። ስሟን ሰምተው ከጣሊያን ወንበዴዎች ጋር የሚያያይዟት ቢኖሩም፣ ደሴቲቱ በዚህ ስም የታወቀችው የሲሲሊው ቃል በ19ኛው መቶ ዓመት ከመሰማቱ ከረጅም ዘመን በፊት ነው። በ1995 የታንዛኒያ የመጀመሪያው የባሕር ፓርክ የተከለለው በዚያ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የተባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ ወደ ዳርቻዋ ይቀርባል። ሻርክ በመባሉ ሰው የሚበላ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ምግቡ ግን ውኃውን አጣርቶ የሚያገኛቸው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትና ትናንሽ ዓሦች ናቸው።

በመጨረሻ የኬንያዋ የላሙ ነገር ይነሣል። በኢትዮጵያ የላሙ ስም በብዛት የሚሰማው በ2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በተገኙበት ሥራው ከተጀመረው የወደብና የመንገድ መስመር ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ ቦታው አዲስ የኮንክሪት ወደብ ብቻ ይመስላል። በ2021 የመጀመሪያ ማረፊያው ሥራ የጀመረው ወደብ የሚገኘው ግን በዋናው ምድር ላይ፣ ከማንዳ ደሴት ማዶ ባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። በላሙ ደሴት ላይ ያለችው ጥንታዊት ከተማ በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስትሆን፣ ሰዎች ያለማቋረጥ ሲኖሩባት ከ700 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ መተላለፊያዎቿ መኪና የማያስገቡ ጠባብ ስለሆኑ ዕቃው ዛሬም በአህያ ጀርባ ይመላለሳል፤ በሮቿም በአገሬው አናጢዎች እጅ ይጠረባሉ።