እንጀራ ለምን ምጣድ ላይ ይይዛል? ለምንስ ይቀደዳል?

በአዴት ዙሪያ፣ በይልማና ዴንሳ የጤፍ አገር፣ ይህ የየሳምንቱ ጥያቄ ነው።

የሸክላ ምጣድ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም በደቃቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሳይግል ሊጥ ከፈሰሰበት ሊጡ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰርጋል፤ ሙቀቱ ሲጨምርም ስታርቹ እዚያው ይጠጥርና አጥብቆ ይይዛል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው ለዚህ ነው፦ ዘይቱ በሙቀት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ስስና ጠንካራ ሽፋን ይሠራል። በየጋገራው የምታልፈው ማሰሻም ያንን ሽፋን ታድሳለች።

እንጀራው ሲነሳ ሁለት ነገሮች ይፎካከራሉ፦ ከምጣዱ ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበትና እንጀራውን ለመቅደድ የሚበቃው ጉልበት። የመጀመሪያው ከበለጠ እንጀራው ይቀደዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም መቀደዱ የሚጀምረው ጠርዝ ላይ ካለች ትንሽ ስንጥቅ ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንጀራውን አያይዞ የሚያቆመው በዋናነት የበሰለው ስታርች ነው። አብሲትን እጅግ የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የበሰለ ስታርች ሊጡ ውስጥ ገብቶ ያወፍረዋል፣ ያያይዘዋል።

እንጀራ ሲያድር ስታርቹ መልሶ ይደራጅና ይገትራል፤ ያኔ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ፍሪጅ ይህን ያፋጥነዋል፣ እንፋሎት ግን ለጊዜው ያለሰልሰዋል።