«የገጠር ሰው መሻገር አያውቅም» የሚለው ተረት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። አብዛኞቹ የአገራችን ትናንሽ ከተሞችና የመንገድ ዳር መንደሮች እንዲሁ ናቸው፤ መንገዱን ተከትለው ነው ያደጉት። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የመኪና መጠበቂያው ሁሉ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሯል። ትምህርት ቤቱ በአንድ በኩል ከሆነ ቦኖው በሌላው በኩል ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ጭነት የያዘ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ በግ የሚነዳ ሕፃንና እንስራ ያዘለች ሴት ያንኑ ጠባብ አስፋልት ይጋፋሉ። በዚህ መሀል ሲኖ ትራኩና ዶልፊን ሚኒባሱ ከገጠሩ ሜዳ ይዘውት በመጡት ፍጥነት ይገባሉ።

ሰው በተገጨ ቁጥር አንድ አባባል ይከተላል፦ «የገጠር ሰው መሻገር አያውቅም።» ሹፌር ይለዋል፣ ረዳት ይለዋል፣ የወረዳ ኃላፊ ይለዋል፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪም ራሱን እየነቀነቀ ይለዋል። ከቦኖ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ተገጭታ የሞተች ልጅ ሰልስት ባለፈ ማግስት በተጠራ የቀበሌ ስብሰባ ላይም ሲባል ሰምቻለሁ። አባትየው ከኋላው አግዳሚ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ተናጋሪው ወላጆች ልጆቻቸውን መሻገር እንዲያስተምሩ አሳስቦ ወረደ። መኪናው በስንት ይበር እንደነበር፣ ቦኖው ለምን ከመንገዱ ማዶ እንደተተከለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ፍጥነት የሚቀንስ ነገር ለምን እንደሌለ የጠየቀ አልነበረም። አባባሉን አምርሬ የምጠላው በዚህ ምክንያት ነው። ሐዘንተኛውን ጥፋተኛ ያደርጋል፤ መልስ መስጠት የሚገባውን ደግሞ ከጥያቄ ያድነዋል።

አባባሉ ከባዶ የተነሣ ነው አልልም። ሳያይ ዘሎ የሚገባ አለ፤ ከገበያ ጠጥቶ የሚመለስ አለ፤ በጨለማ ጥቁር ካፖርት ለብሶ ከብት የሚነዳ አለ። ልጆችን ማስተማርም ተገቢ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ እያስቆሙ የሚያሻግሩት ተማሪዎች ነፍስ እንደሚያድኑ አልጠራጠርም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ መሻገርን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ላይ በሰላም መሻገር ይችላል ወይ?

እስቲ እናስላው። ባለ ሁለት መስመር አስፋልት ወደ 7 ሜትር ይሰፋል። ጭነት የተሸከመች አሮጊት ያንን ለመሻገር 9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚያው 9 ሰከንድ 200 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ እናታችን በደህና ለመሻገር ከመነሣቷ በፊት ግራና ቀኝ 200 ሜትር መንገድ ጥርት ብሎ ሊታያት ይገባል። መንደሩ ጥምዝ ላይ ወይም አቀበት ጫፍ ላይ ከሆነ፣ የቆመ የጭነት መኪና ከከለላት፣ የባሕር ዛፍ አጥር ከጋረዳት 200 ሜትር ቀርቶ 80 ሜትርም አይታያትም። ስትነሣ ባዶ የነበረው መንገድ መሀል ስትደርስ መኪና ይዞ ይመጣል። ይህ የዕውቀት ጉድለት አይደለም። ያው መኪና በ30 ቢመጣ ኖሮ በ9 ሰከንድ የሚጓዘው 75 ሜትር ብቻ ነበር።

ሹፌሩም ቢሆን በ80 ሲነዳ ሰው ገባበት እንበል። አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ደህና አስፋልቱም ደረቅ ቢሆን፣ እስኪቆም ከ55 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሙሉ ጭነት ያለው ከባድ መኪና ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በ30 የሚሄድ ግን 15 ሜትር ሳይሞላ ይቆማል። ባይቆም እንኳ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን በዝግታ የተገጨ ሰው ሆስፒታል ገብቶ የመውጣት ተስፋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመድረስ ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይጨምራል።

የልጆቹ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዝ አገር የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ዐይንና አእምሮ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣን መኪና ፍጥነት በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት እንደማይችል አሳይተዋል። ልጁ መኪናውን ያየዋል፤ እየቀረበው መሆኑን ግን በጊዜው አይረዳም። ይህ በዕድሜ የሚበስል ችሎታ እንጂ በስብሰባ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። የእንግሊዝ ልጅም ሆነ የሸኖ ልጅ ተፈጥሮው አንድ ነው። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅን «መሻገር አያውቅም» ብሎ መውቀስ ገና ባላበቀለው ጥርስ ለምን አልነከስክም እንደማለት ነው።

የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው የመንገድ ደኅንነት መርሕ የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ መንገዱ የተሳሳተውን ሰው እንዳይገድል ተደርጎ ይሠራ። ኃላፊነቱ የእግረኛውና የሹፌሩ ብቻ ሳይሆን መንገዱን የነደፈውም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የመንግሥታት ተወካዮችም ተሽከርካሪና እግረኛ በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ተስማምተዋል። በገበያ ቀን ከሸኖ ወይም ከጫጫ ዋና መንገድ በላይ ተሽከርካሪና እግረኛ የሚቀላቀሉበት ቦታ ብትፈልጉ አታገኙም።

ታዲያ መኪናውን በ30 እንዲሄድ የሚያደርገው ምንድን ነው? ምልክት መትከል ብቻውን አያደርገውም፤ ትራፊክ ፖሊስም ሌሊትና ቀን አይቆምም። የሚያደርገው መንገዱ ላይ የሚሠራ እንደ ጉብታ (ብሬከር) ያለ ነገር ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ተረት ይመጣል፦ «ብሬከር መኪና ከመስበርና አምቡላንስ ከማዘግየት ሌላ ጥቅም የለውም።» ሹፌሮች ለምን እንደሚማረሩ ይገባኛል። ልጅ የሞተበት መንደር በሌሊት ድንጋይና አፈር ከምሮ የሠራው፣ ቀለም የሌለው፣ ምልክት የሌለው ጉብታ በጨለማ ሲገጥም አደገኛ ነው፤ ሞተር ሳይክል ነጂ ሊገድል ይችላል። ይህ ግን ጉብታው ወግ ባለው መንገድ ይሠራ የሚያሰኝ እንጂ ይቅር የሚያሰኝ አይደለም። በእንግሊዝ ተፈትኖ በብዙ አገር ሥራ ላይ የዋለው ክብ ጀርባ ያለው ጉብታ ወደ 3.7 ሜትር የሚረዝምና 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ነው። በዝግታ ለሚያልፍ ሰው ሻሲ አይነካም። አምቡላንስን የሚያዘገየውም በሰከንዶች ነው።

ማስረጃውም ከአህጉራችን አለ። በጋና ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሱሁም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ መገንጠያ ላይ ጎማን የሚያንቀጠቅጡ ወጣ ወጣ ያሉ መስመሮች ከተሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2000 እስከ ሚያዝያ 2001 ባለው ጊዜ የአደጋው ቁጥር በ35 በመቶ፣ የሞቱ ሰዎች ቁጥር ደግሞ በ55 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የሱሁም ሰዎች መሻገርን በ16 ወር አልተማሩም። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ።

ሌሎቹን ተረቶች ባጭሩ ላንሣ። «አስፋልት ሲገባልን አደጋው ይቀንሳል» የሚለው ተስፋ መንገድ ለተቸገረ ሰው ተፈጥሯዊ ነው፤ ወላድን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሄደ ያውቀዋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር የነበረው መንገድ በሁለት አሥርት ዓመታት ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑም ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ኮረኮንቹ ራሱ ፍጥነት ቀናሽ ነበር። አስፋልቱ ሲነጠፍ እሱ ይነሣል፤ በምትኩ ሌላ ካልተሠራ መኪናው ይበራል።

«ዜብራ ከተቀባ ይበቃል» የሚባለውም እውነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በብዙ መሻገሪያዎች ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ መብራትና ፖሊስ በሌለበት ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ቀለሙ ብቻውን የአደጋውን መጠን እንዳልለወጠ ታይቷል። ዜብራው ከፍ ካለ መሻገሪያ ወይም ከጉብታ ጋር ሲሠራ ነው ጥቅም የሚሰጠው።

«ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ቀኙን ይዞ መሄድ ይሻላል» የሚሉም አሉ። አይሻልም። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንዳት ከተዛወረች ወዲህ የእግረኛው ቦታ ግራው ነው፤ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያየዋልና። የእግረኛ መንገድ ካለ ግን ክርክሩ ራሱ ይቀራል። ለዚህ ደግሞ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መላ አለ። በየመንደሩ ከአስፋልቱ ጥግ የሚቆፈረው ጥልቅ የውኃ መውረጃ ቦይ እግረኛውን ገፍቶ አስፋልት ላይ ያወጣዋል። ቦዩ በኮንክሪት ክዳን ከተሸፈነ ያው ቦይ የእግረኛ መንገድ ይሆናል።

ስለ መናፈሻ የሚባለውን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። «መናፈሻ ለከተማ ነው፤ ገጠር ሜዳ ሞልቶታል» ይባላል። ሜዳው የማን ነው? አንዱ እርሻ ነው፣ አንዱ የግጦሽ መሬት ነው፣ አንዱ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኗል። በመንገድ ዳር መንደር ውስጥ ኳስ ቀጥ ብላ የምትንከባለልበት ለጥ ያለ ቦታ አስፋልቱ ነው፤ ልጆቹም እዚያው ዳር ይጫወታሉ፤ ኳሷ ስትሮጥ ይከተሏታል። የመጫወቻ ቦታ የመንገድ ደኅንነት ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው። ቦታው ግን በዘፈቀደ አይመረጥም። አሁን አሁን መንደሮችን እናሳምር ሲባል ለታይታ አስፋልቱ ጥግ ላይ አበባና አግዳሚ ወንበር ሲተከል አያለሁ፤ አጥር የለው፣ ጥላ የለው፣ ልጅ የሚይዘው ነገር የለው። ለሚያልፍ ባለሥልጣን ያምራል። ለልጆች የሚሆነው ግን ትምህርት ቤቱ ባለበት በኩል፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ዝቅ ያለ አጥርና የጥላ ዛፍ ያለው ሜዳ ነው። መሻገሪያው አጠገብ ዛፍና ቁጥቋጦ መትከልም እግረኛውንና ሹፌሩን ያጋርዳል፤ እዚያ ቦታው ይገለጥ።

ገንዘቡ ሁሉን አንድ ላይ ለመሥራት ላይበቃ ይችላል። እንዲያ ከሆነ በቅድሚያ የሚመጣው የመኪናውን ፍጥነት መቀነስ ነው፤ ቀጥሎ የእግረኛው መንገድ፣ ከዚያ መጫወቻው። ቦኖን ትምህርት ቤቱ ባለበት በኩል መትከል ደግሞ ከሞላ ጎደል ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ቀድሞ ማሰብ ብቻ ይፈልጋል።

በመንደራችሁ መንገድ ሊሠራ ወይም ሊታደስ ከሆነና ለምክክር ከተጠራችሁ ልጆቹ የሚሻገሩበትን ቦታ አስቀድማችሁ ለዩ፤ ወደ ስብሰባው ስትሄዱም ጉብታው፣ መሻገሪያው፣ ክዳን ያለው ቦይና መጫወቻው ንድፉ ላይ የት እንዳሉ በጣት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ካላሳዩአችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉት። ሥራ ተቋራጩ መሣሪያውን ጭኖ ከሄደ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ሌላ በጀት ይጠብቃል፤ ያ በጀት እስኪመጣ ደግሞ መኪናው በ80 ይመላለሳል።