ለኢንሱሊን የተገዛችው ማቀዝቀዣ፦ ዋቷ ምን ይነግረናል?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ወይም አያት ባለበት ቤት “ኢንሱሊኑን የት እናስቀምጠው?” የሚለው ጥያቄ አይጠፋም። ፍሪጅ የሌለው ቤተሰብ በመኪና ባትሪ ወይም በሶላር የምትሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይገዛል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም ይልካል። “60 ዋት ናት፣ ኃይለኛ ናት” ሲባል እሰማለሁ። ቁጥሩ ግን ሣጥኗ የምትበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የምትሰጠውን ቅዝቃዜ አይናገርም።

እነዚህ ሣጥኖች እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰርና ጋዝ የላቸውም። የሚሠሩት ፔልቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1834 በደረሰበት ዘዴ ነው። ኤሌክትሪክ በስስ ሰሌዳ ውስጥ ሲያልፍ አንዱ ገጽ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። ሙቀቱ አይጠፋም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጋዛል እንጂ። በ12 ቮልት 5 አምፔር የምትስብ ሣጥን 60 ዋት ትበላለች። ከውስጥ 20 ዋት ሙቀት ብታወጣ፣ በጀርባዋ መውጣት ያለበት የሁለቱ ድምር፣ 80 ዋት ነው። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ካስጠጉ፣ ጨርቅ ካለበሱ ወይም የፋኗን ቀዳዳ አቧራ ከደፈነው ሙቀቱ ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ሲገዙ “ከአካባቢው ሙቀት በታች ስንት ዲግሪ?” ብለው ይጠይቁ። በብዙዎቹ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ተጽፎ ይገኛል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። 18 ዲግሪ የምትቀንስ ሣጥን ክፍሉ 22 ሲሆን 4 ትደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 32 ሲሆን ግን 14 ላይ ትቀራለች።

ባትሪውንም ያስቡ። 60 ዋት ለ24 ሰዓት 1,440 ዋት ሰዓት ነው፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 1,200 ብቻ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ደግሞ ያው ሰሌዳ ሙቀትን መልሶ ስለሚያስገባ ሣጥኗ ቶሎ ትሞቃለች።

ምን እናድርግ? ሣጥኗን ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ጀርባዋን ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ። ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጧ አኑረው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ያንብቡ። ከ8 በላይ ካሳየ ያልተከፈተውን ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲ ወይም ፍሪጅ ያለው ዘመድ ዘንድ ማቆየት ይሻላል። የተከፈተው ብልቃጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ልኩን በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ይመልከቱ። ወይና ደጋ በሆኑት ከተሞቻችን ለዚህ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ወይም በሁለት ሸክላዎች መካከል እርጥብ አሸዋ የተሞላበት ገንቦ ሊበቃ ይችላል። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅልሉት። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይወጋም።

ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን መልኩ ላይለወጥ ይችላል። መርፌው በሰዓቱ እየተወጋ ስኳሩ ከጨመረ፣ መድኃኒቱን ይዘው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። መጠኑን በራስዎ አይጨምሩ፤ መርፌውንም አያቋርጡ።