ማግኔቱ ሲደበቅ

ቁርጥማት ያስቸገረው ሰው የማግኔት አምባር አጥልቆ ሕመሙ ቀለል ሲለው «ማግኔቱ አሻለኝ» ቢል አይፈረድበትም። ሻጩም ማብራሪያ አዘጋጅቶለታል፤ ደም ውስጥ ብረት አለ፣ ማግኔት ብረት ይስባል፣ ስለዚህ ደሙን ያንቀሳቅሰዋል። ሲሰሙት ያሳምናል። ይሁንና የሄሞግሎቢን ብረት እንደ ሚስማር ብረት አይደለም፤ ኦክስጅን የተሸከመ ደም እንዲያውም በማግኔት በጥቂቱ ይገፋል እንጂ አይሳብም። በየሆስፒታሉ የሚገኘው 1.5 ቴስላ የኤምአርአይ ማሽን ጉልበቱ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። እዚያ ውስጥ ተኝቶ የሚነሳ ሰው ደሙ ወደ አንድ ወገን አይሰበሰብም፤ ቁርጥማቱም እዚያው አይቀርለትም።

«አሠራሩ ባይታወቅስ? ዋናው መሥራቱ ነው» የሚል ካለ ልክ ነው፤ አስፕሪንም ሕመም እንዴት እንደሚያስታግስ የታወቀው ለብዙ አሥርት ዓመታት ከተዋጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ፍርዱን ለሙከራ እንተወው። የሚሞከረውን ነገር ከታካሚው የመደበቅ ብልሃት ደግሞ የቆየ ነው። ፍራንዝ መስመር የተባለ ሐኪም ሕክምናውን በማግኔት ጀምሮ ኋላ ከራሱ እጅ በሚወጣ የማይታይ ኃይል እፈውሳለሁ ማለቱ ፓሪስን ሲያነጋግር፣ ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በ1784 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ሰዎቹ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮአዝዬ ያሉበት መርማሪ ቡድን ሰየመ። በፍራንክሊን ግቢ የመስመር ደቀ መዝሙር አንዱን ዛፍ «አስማገነጠ»፤ ዓይኑ የተሸፈነ ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ ተመራ። አራተኛው ዘንድ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ዛፉ ግን ሌላ ነበር። ልጁን የጣለው የጠበቀው ነገር እንጂ ዛፉ አልነበረም።

ዛሬም ጥያቄው ያው ነው፤ የሚያሽለው ማግኔቱ ነው ወይስ ታካሚው የሚጠብቀው ነገር? በእርግጥ ማግኔትን መደበቅ ይከብዳል፣ አምባሩን ወደ ቁልፍ ጠጋ ያደረገ ታካሚ ምስጢሩን ያገኘዋል። አምባር ሻጮች የሚጠቅሱት የ1997ቱ የአሜሪካ ጥናት 50 ሰዎችን ለ45 ደቂቃ ብቻ የተከታተለ ነው፤ ውጤቱ ማግኔትን ቢደግፍም ጥናቱ ትንሽ ነበርና መደገም ነበረበት። በ2003 ተረከዛቸውን በሚያማቸው 101 ሰዎች ላይ የማግኔት የጫማ ገበር ከሐሰተኛው ጋር ሲነጻጸር ልዩነት አልታየም። በ2013 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው 70 ሕሙማን ጠንካራ ማግኔት፣ ደካማ ማግኔት፣ ማግኔትነቱ የጠፋ ማሰሪያና የመዳብ አምባር በየተራ ለአምስት አምስት ሳምንት አደረጉ፤ አንዱም ከሌላው የረባ ብልጫ አላሳየም።

«የእኔ ግን ቀንሷል» ለሚል፣ ቁርጥማት እየመጣ የሚሄድ ሕመም ነው፤ አምባር የሚገዛውም ሲብስ ነው፤ ከዚያ በኋላ መለስ ማለቱ አይቀርም። ለድብርት ሕክምና በሐኪም የሚሰጠው መግነጢሳዊ ማነቃቂያም ለአምባሩ ምስክር አይሆንም፤ እሱ በፍጥነት እየተለዋወጠ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ሲሆን አምባሩ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብረት ነው። አምባሩን ለጌጥ የሚያደርግ ያድርግ። ልብ ላይ ፔስሜከር የተገጠመለት ሰው ግን ማግኔት ከደረቱ ማራቅ አለበት፤ የታዘዘለት መድኃኒት ያለውም በአምባር አይለውጠው።