«ይድን ይሆን?»

አንባቢ ሆይ፥ አእምሮው የታወከ ወንድምዎን ሐኪም ቤት ወስደው «ይድን ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ፥ የሚያገኙት መልስ በበሽታው ብቻ ሳይሆን በሐኪሙና በነርሷ አስተሳሰብም ይወሰናል። ይህን አስተሳሰብ ለመመዘን የተነሡት አሜሪካውያን፥ ጄኮብ ኮኸንና ኤልመር ስትሩኒንግ፥ ለሁለት ትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሠራተኞች ዐረፍተ ነገሮች አቅርበው ምን ያህል እንደሚስማሙ ጠየቁ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተሙ። ለበሽተኛው እንደ ሕፃን መራራት አንድ ነገር፥ እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ መቍጠር ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ርኅሩኅ የሆነ ሁሉ መዳንን ተስፋ ያደርጋል ማለት አይደለም!

ተስፋ መቍረጡስ ከየት ይመጣል? ይኸው ኮኸን ከፓትሪሽያ ኮኸን ጋር በ1984 እንዳስረዳው፥ የዳነው ተሰናብቶ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ነጋ ጠባ የሚያየው በአብዛኛው ሕመሙ የቈየበትን ነው።