የተከዜ ግድብ ከላስታ ይጀምራል

ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ነው። የዋግን ቆላ በገደል ሰንጥቆ ሲወርድ፣ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል 188 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግድብ ይጠብቀዋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዛል። ስለ ግድቡ ሲወራ ተቋራጩ፣ መሐንዲሱና ተርባይኑ ይነሣሉ። የላስታ ሴት ስሟ አይነሣም። የግድቡን ዕድሜ ከሚያራዝሙት ሰዎች አንዷ ግን እሷ ናት።

የላስታ መሬት ተዳፋት ነው። ክረምት ሲገባ ከተራቆተው ጋራ የታጠበው አፈር በየሸለቆው ወርዶ ተከዜ ይገባል፤ ውኃው ግድቡ ላይ ሲቆም አፈሩ ይዘቅጣል። ደለል ግድብን ምን እንደሚያደርገው በ1952 ዓ.ም. የተሠራው የቆቃ ግድብ አሳይቶናል። አፈሩን ባለበት የሚያስቀረው እርከን ነው፤ እርከኑን ደግሞ በበጋው የተፋሰስ ዘመቻ ወይም ድጋፍ በሚያስገኘው የሴፍቲኔት ሥራ የሚሠራው ገበሬው ከነሚስቱ ነው። ሴትዮዋ ጎህ ሳይቀድ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጇን አዝላ ጋራውን ትወጣለች። ወንዶቹ በዶማ ሲቆፍሩ እሷ ድንጋይ ታመላልሳለች። ሥራው ሲያበቃ ባሏ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፤ እሷ ጭራሮ ለቅማ ነው ቤቷ የምትገባው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ እንድታርፍ፣ ድጋፉም እንዳይቋረጥባት ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። የግድብ ወጪ ሲሰላ ግን የሚቆጠረው ሲሚንቶና ብረት ነው፤ እርከኑ በሌላ መዝገብ የዕርዳታ ሥራ ተብሎ ይቀራል።

ከእርከኑ ይልቅ ጓዳው የበለጠ ያሳስበኛል። በላስታ እንጨት ከተመናመነ ቆይቷል፤ በብዙ ቤት የሚነደው ኩበት ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች እበት ሰብስበው፣ በእጃቸው ጠፍጥፈው፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ማሳውን ማዳበር የነበረበት እበት ምጣድ ሥር አመድ ይሆናል። የከሳ አፈር ውኃ አይዝም፤ ዶፍ ሲወርድበት ይታጠባል፣ መድረሻውም ያው ተከዜ ነው። ስለዚህ የላስታ እንጀራ በኤሌክትሪክ ቢጋገር፣ ሴቷ ከጭስና ከኩበት ለቀማ ከመዳኗ በተጨማሪ ግድቡ ራሱ ይጠቀማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ብቻ የተዘረጋ መስመር አይችለውም። መስመር ሲነደፍ ስንት ቤት መብራት ያገኛል ተብሎ ብቻ ከተሰላ፣ ምጣዱ ገና ከወረቀቱ ላይ ተረስቷል።

የኃይል መጥፋት ሸክሙ ማን ላይ እንደሚወድቅ ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት አይታዋለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከደረሰባት በኋላ ከተማዋ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ኖራለች። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲቆም እህል መፈጨቱ አይቀርም፤ መጅና ድንጋይ ወፍጮ ይወጣሉ። በመጅ ጤፍ መፍጨት ጉልበትን መሬት አስነክቶ፣ ወገብን አጥፎ፣ ክንድ እስኪዝል መግፋት ነው። ይህን ሥራ በአገራችን ወንድ ሲሠራ ማየት ብርቅ ነው።

ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 6፣ ሴቶች በልማት ፖሊሲና በፕሮጀክት ዝግጅትና አፈጻጸም፣ በተለይም ጥቅማቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ፣ ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ እንዲሰጡ እንዲጠየቁ መብት ሰጥቷቸዋል። ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚጠራው አባወራው ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት እማወራ ተብላ ልትጠራ ትችላለች፤ ባለትዳሯ ግን በባሏ ተወከለች ይባላል። ብትመጣም ዳር ይዛ ትቀመጣለች፤ በሽማግሌዎች ፊት መናገር ይከብዳታል። ውኃ የት እንደሚቀዳና የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚዘጋ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ግን እሷ ናት።

በግድብ ምክንያት የሚከፈለው ካሣም እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን የሰፈረበት የመሬት ይዞታ ደብተር በእኔ ዕይታ ከክልሉ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ደብተሩ የማይመዘግበው ሀብት ግን አለ፤ የወንዝ ዳር ሣር፣ ጭራሮ የሚለቀምበት ቁጥቋጦ፣ ምንጩ። እነዚህን የግድብ ውኃ ሲውጣቸው የሴቷ የቀን መንገድ ይረዝማል፤ የረዘመውን መንገድ ማንም በብር አይተምንላትም። የዓለም የግድቦች ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2000 ባወጣው ሪፖርት የግድብ ጉዳት በሴቶች ላይ እንደሚበረታ፣ ጥቅሙ ግን ለእነሱ እንደሚያንስ ጽፏል። በትግራይ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ተጠንቶ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ወባ ከግድብ ርቀው ካሉት ይልቅ በ7 እጥፍ እንደሚያጠቃቸው አሳይቷል። የታመመ ልጅ አዝሎ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በተከዜ ተፋሰስ ላይ ከእንግዲህ የሚታቀድ ግድብ ሁሉ ከኃይል ሽያጩ የተወሰነውን ድርሻ ለላይኛው ተፋሰስ መመለስ አለበት። የእርከኑ ክፍያ በሴቷ በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ወደ ላስታ ቀበሌዎች የሚዘረጋው መስመርና ትራንስፎርመርም ምጣድ እንዲችል ሆኖ፣ ከግድቡ ዲዛይን ጋር በአንድ በጀት ይያዝ።